ልዕልት ቤያትሪስ ዘፖርቱጋል

አደራን ስለ መጠበቅ ስንናገር የፖርቱጋሏን ልዕልት ቤያትሪስን ማስታወስ ይገባናል። ዘመኑንም የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ልዕልቲቱ በ1430 ገደማ ተወለዱ፤ አያታቸውም ንጉሥ ዮሐንስ 1ኛ ነበሩ። በ1447 የንጉሥ አፎንሶ 5ኛን ወንድም መስፍን ፈርናንዶን አገቡ። በ1470 ባላቸው ቢሞቱባቸው ልጆቻቸውን እያሳደጉ ሰፊውን ርስት አስተዳደሩ።

ፖርቱጋልና ካስቲልያ በተዋጉ ጊዜ፥ በ1479 ወደ አልካንታራ ሄደው ከእኅታቸው ልጅ ከንግሥት ኢሳቤላ ጋር ስለ ዕርቅ ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት የአልካሶቫስ ውል ተፈረመ። የሁለቱ መንግሥታት ልጆችም የሰላሙ መያዣ ሆነው በሞራ ከተማ ለእርሳቸው በአደራ ተሰጡ። ጠላቶች የነበሩት ወገኖች ልጆቻቸውን ለአንዲት ሴት ማስረከባቸው የታማኝነታቸው ምስክር ነው።

ነገር ግን የሰውን ልጅ በደኅና የጠበቁት እናት የራሳቸውን ልጅ ከሞት ማዳን አልቻሉም። በ1484 የሴት ልጃቸው ባል ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ፥ ዲዮጎን በሤራ ጠርጥረው በገዛ እጃቸው ገደሉት። በ1491 ደግሞ በሞራ በአደራ የጠበቁት የልጅ ልጃቸው፥ አልጋ ወራሹ አፎንሶ፥ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ስለዚህም ሌላው ልጃቸው ማኑኤል በ1495 ነገሡ። የእኛዪቱ ንግሥት እሌኒ የላኩትን መልእክተኛ ማቴዎስን በ1514 በሊዝቦን የተቀበሉት እኒሁ ንጉሥ ናቸው።

ልዕልቲቱ ግን ይህን ሳያዩ በ1506 ዐርፈው፥ ከባላቸው ጋር ባቋቋሙት በቤዣ ገዳም ተቀበሩ። ከሕይወታቸውም የምንማረው ይህ ነው፤ አደራ የሚጠብቅ ሰው ከኀዘን አያመልጥም፥ የሠራው ሰላም ግን ለሌሎች ይተርፋል።