ቻርልስ ቴይለርና የመጀመሪያው የአውሮፕላን ሞተር

የበረራ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የወንድማማቾቹ የዊልበርና የኦርቪል ራይት ስም ይነሣል፤ ሞተሩን በእጁ የሠራውን ሰው ግን በጥገና ሙያ ከተሰማሩት በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ሰው ቻርልስ ኤድዋርድ ቴይለር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴይለር በ1868 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ተወለደ። ገና በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ተቀጠረ፤ ኋላ ግን የብረታ ብረት ሥራ ሳበውና ኑሮውን በኦሃዮ በዴይተን ከተማ መሠረተ። በ1901 ራይቶች በሳምንት 18 ዶላር እየከፈሉ በብስክሌት መደብራቸው አሠሩት። ወደ ኪቲ ሆክ ለሙከራ ሲሄዱ ሥራውን በአደራ የሚተዉለት ሰው ያስፈልጋቸው ስለ ነበረ ነው።

በ1902 መጨረሻ ወንድማማቾቹ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ቀላል ሞተር ፍለጋ ለብዙ ፋብሪካዎች ጻፉ፤ የሚያቀርብላቸው ግን አላገኙም። ስለዚህ ሥራው በቴይለር ላይ ወደቀ። ቴይለር ከዚያ በፊት የቤንዚን ሞተር የነካው አንድ አውቶሞቢል ለመጠገን ሲሞክር ብቻ ነበር። በመደብሩ ውስጥ የነበሩት ዋና መሣሪያዎች አንድ ቶርኖና አንድ ትራፓኖ ናቸው። በሥርዓት የተነሣ ንድፍም አልነበረም፤ ሦስቱ ከተመካከሩ በኋላ የየክፍሉ ቅርጽ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሣልና ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ይሰካ ነበር።

ከሁሉ የከበደው የክራንክ ሻፍቱ ሥራ ነበር። ቴይለር 79 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የአረብ ብረት ሰሌዳ ላይ ቅርጹን አሠፈረ፤ በመሥመሩ ዙሪያ በትራፓኖ እየበሳ ትርፉን በመሮና በመዶሻ አውጥቶ ጣለ፤ የቀረውንም በቶርኖ አስተካከለ። የሞተሩ አካል 92 በመቶ አሉሚኒየምና 8 በመቶ መዳብ ከሆነ ቅይጥ በከተማው ቀላጭ ቤት ተቀልጦ ተሠራ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በስድስት ሳምንት ተጠናቀቀ።

የዛሬ ባለሙያ ቢያየው ብዙ ነገር የጎደለው ይመስለዋል። ዛሬ እንደምናውቀው ያለ ካርቡራተር የለውም፤ ቤንዚኑ ከላይ በራሱ ክብደት እየወረደ በሞተሩ ሙቀት ተንኖ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ካንዴላም የለውም፤ የእሳቱ ብልጭታ የሚገኘው በሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት የብረት መገናኛዎች ሲለያዩ ነው። በየካቲት 1903 በሙከራ ላይ ቤንዚን በኩሽኔታዎቹ ላይ ተንጠባጥቦ ሞተሩ ያዘና አካሉ ተሰበረ። አዲሱ አካል እስከ ሚያዝያ ድረስ ተጠበቀ። ሥራው ሲያበቃ ግን 8 ተፈልጎ 12 የፈረስ ጉልበት ተገኘ።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በኪቲ ሆክ አራት በረራዎች ሲደረጉ ቴይለር ዴይተን ነበር። ከዚያ በኋላም ሞተሮቹን ሲሠራና ሲጠግን ኖረ። ራሱም መብረር እጅግ ይመኝ ነበር፤ ራይቶች ግን ሊያስተምሩት አልፈቀዱም። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ለአደጋ ማጋለጥ አልፈለጉ ይሆናል፤ ሆኖም ያለ እርሱ ያልተነሣውን መኪና እርሱ እንዳይነዳ መከልከሉ ፍርደ ገምድል ያሰኛል። በ1908 በፎርት ማየር አውሮፕላኑ ወድቆ ሌተና ሰልፍሪጅ ሲሞትና ኦርቪል ክፉኛ ሲቆስል፥ ቴይለር ከስብርባሪው መካከል ፕሮፔለሩን መርምሮ የጥፋቱ መነሻ መሰንጠቁ መሆኑን ከተረዱት አንዱ ነው። በ1911 ደግሞ ካልብራይዝ ሮጀርስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ በባቡር እየተከተለ በየወደቀበት የሚጠግን እርሱ ነበር።

እርጅናው አላማረለትም። በካሊፎርኒያ መሬት ገዝቶ ገንዘቡ ጠፋ። በ1930ዎቹ ሄንሪ ፎርድ የራይቶችን መደብር ወደ ግሪንፊልድ ቪሌጅ ሊያዛውር ሲያስፈልገው፥ ቴይለር በሎስ አንጀለስ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ በሰዓት 37 ሳንቲም ያህል እየተከፈለው ተገኘ። የሥራ ጓደኞቹ ማንነቱን አያውቁም ነበር። ኦርቪል በኑዛዜው በዓመት 800 ዶላር ተወለት። በ1955 በድሆች ሕክምና ክፍል ተኝቶ መገኘቱ ሲሰማ የአቪዬሽን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ተሻለ ስፍራ አዛወሩት። ጥር 30 ቀን 1956 በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ ኦርቪል የሞተውም ከስምንት ዓመት በፊት በዚያው ዕለት ነው።