አል-መቅሪዚና የመዳቡ ገንዘብ

ተቂዩዲን አል-መቅሪዚን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት በጻፉት መጽሐፍ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ሌላውን ሥራቸውን ነው።

እኚህ ዓሊም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1364 በካይሮ ተወለዱ፤ ከኢብን ኸልዱን ተማሩ፤ በ1399 የከተማይቱ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ሚዛን ያስፈትሻሉ፣ የነጋዴውን ዋጋ ይከታተላሉ። ያኔ የኑሮ ውድነቱን ሥር ያገኙት አይመስለኝም። ከ1403 ጀምሮ ረሀብና ወረርሽኝ ግብፅን አደቀቃት፤ ሴት ልጃቸውም በዚያው ዘመን ሞተችባቸው።

በ1405 የጻፉት መጽሐፍ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። የናይል ውሃ ማነስ የቆየ ችግር ነው፤ መከራውን ያራዘመው ግን ሹመት በጉቦ መሸጡ፣ የመሬት ኪራይ መናሩና ያለ ልክ የተመታው የመዳብ ሳንቲም ነው ይላሉ። ዋጋው በወርቅና በብር ሲሰላ ያን ያህል አልጨመረም ነበርና መዳብ ለጥቃቅን ግዢ ብቻ ይዋል ሲሉ መከሩ።

የዛሬ ተመራማሪዎች ከ1348ቱ ወረርሽኝ ወዲህ የገበሬው መመናመንና የብር እጥረት በቂ ቦታ አልተሰጣቸውም ብለው ያርሟቸዋል። እርማቱን እቀበላለሁ። ቢሆንም ደህና የብር ገንዘብ በ1412 በነገሡት በሱልጣን አል-ሙአየድ ሸይኽ ዘመን ተመልሶ ተመታ። አል-መቅሪዚ በ1442 ነው የሞቱት፤ ይህን ለማየት በቅተዋል።