ዋልተር ተል፦ ከኳስ ሜዳ ወደ ጦር ሜዳ

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አውሮራ ልጆቻችንን ኳስ ስናጫውት፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመን የማናወራው ነገር የለም። አንድ ቀን የአንዱ ልጅ በቀለሙ ተሰድቦ እያለቀሰ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዋልተር ተልን ታሪክ ለማኅበራችን መጽሔት ልጽፍ ሳስብ ቆየሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዋልተር በ1888 በደቡብ እንግሊዝ፣ ፎክስቶን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ከባርቤዶስ ደሴት የመጣ አናጢ ነው፤ አያቱ በባርነት ኖረዋል። እናቱ እንግሊዛዊት ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ በካንሰር ሞተች፤ በ1897 አባቱም ተከተላት። እንጀራ እናቱ ሁሉንም ማሳደግ ስላቃታት እሱና ወንድሙ ኤድዋርድ ለንደን ወዳለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገቡ። ኤድዋርድን የግላስጎው ቤተሰብ ወስዶ አሳደገው፤ በኋላ የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር እዚያው ቀረ። ለእኔ ከጦርነቱም ይልቅ ይህ የሁለት ወንድማማቾች መለያየት ይከብደኛል።

ኳስን በክላፕተን አማተር ክለብ አሳየ። በ1909 ቶተንሃም አስፈረመው፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ጥቁር ተጫዋች ማየት ብርቅ ነበር። በዚያው ዓመት ብሪስቶል ላይ ሲጫወት ከተመልካቹ የዘር ስድብ ወረደበት። ጨዋታውን ያየ ጋዜጠኛ ተሳዳቢዎቹን ኮንኖ እሱን አመሰገነ። ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። በ1911 ወደ ኖርዝሃምፕተን ተዛውሮ ከ100 በላይ ጨዋታ ተጫወተ።

ጦርነቱ ሲነሳ በታኅሣሥ 1914፣ ኳስ ተጫዋቾች በተሰባሰቡበት ሻለቃ ውስጥ በፈቃዱ ተመዘገበ። በ1916 ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ እያለ አእምሮው ታውኮ ወደ እንግሊዝ ለሕክምና ተላከ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ግንባር ተመልሶ በሶም ውጊያ ተሰለፈ። እኔ በነርስነቴ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቶሎ ይመለስ አልልም ነበር። እሱ ግን ተመለሰ።

የሠራዊቱ ደንብ ዘሩ ከአውሮፓ ያልሆነ ሰው መኮንን እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ይህም ሆኖ አለቆቹ ለመኮንንነት ሥልጠና ላኩት፤ በግንቦት 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። ነጭ ወታደሮችን እየመራ ጣሊያን ዘመተ። በጥር 1918 መጀመሪያ፣ በብርድ ሌሊት 26 ሰዎችን ይዞ የፒያቬን ወንዝ ተሻገረ፤ አንድም ሰው ሳይጎድልበት መልሶ አመጣቸው። ጄኔራሉም በጽሑፍ አመሰገኑት።

መጋቢት 25 ቀን 1918 በሰሜን ፈረንሳይ ፋቭሬይ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ወታደሮቹ በተኩስ መካከል ሬሳውን ለማንሳት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። አፈር ሳያለብሱ መቅረት ለእኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። መቃብር ስለሌለው ስሙ አራስ ከተማ ባለው መታሰቢያ ግንብ ላይ ተጽፏል። በ1999 ደግሞ በኖርዝሃምፕተን ስታዲየም አጠገብ ሐውልት ቆመለት።