አቡነ ኢየሱስ ሞዐና የእርጋታ ጥቅም

ብዙ ሰው ትልቅ ሥራ የሚሠራው በመሮጥ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን በሐይቅ ከተማ የምማር ተማሪ እንደ መሆኔ፣ ይህን አሳብ የሚያፈርስ ሰው ከዚሁ ከሐይቃችን ታሪክ አገኘሁ። እኒህም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ስለ ቅድስናቸው ሊቃውንት ጽፈዋል፤ እኔ ለአንባቢዎች የማቀርበው ሰውነትንና አሳብን በእርጋታ ማሠልጠን ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ከሕይወታቸው የተማርሁትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዳህና በተባለው አገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው 30 ዓመት ያህል ሲሆን ወደ ትግራይ ሄደው በገመድ ከሚወጣበት ከደብረ ዳሞ ገዳም ገቡ፤ አበ ምኔቱ አባ ዮሐኒም ተቀበሏቸው። በዚያ 7 ዓመት ያህል ሲኖሩ ከጸሎቱና ከሥራው ጋራ የመጻሕፍትን ጽሕፈት ተማሩ። ይህ ጥበብ ለችኵል ሰው አይሆንም። ብራናው ይፋቃል፤ ይሰመራል፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ በመቃ ብርዕ አንድ በአንድ ይጻፋል። እጅ የቸኰለ እንደ ሆነ ስሕተቱን በስለት መፋቅ ግድ ነው። ስለዚህ ጸሓፊ ከእጁ አስቀድሞ ትንፋሹንና አሳቡን ማሳረፍ አለበት።

የገዳም ስግደትም እንዲሁ ነው። መነኵሴ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጕልበቱን አጥፎ ይወርዳል፤ ግንባሩን ምድር አስነክቶ እንደ ገና ይነሣል። መቍጠሪያውን በጣቱ እያሳለፈ እግዚኦታውን 41 ጊዜ ሲያደርስ እግሩም ወገቡም ትከሻውም ይሠራል፤ ትንፋሹ ከቃሉ ጋራ ይስማማል፤ የተበተነው አሳቡ ይሰበሰባል። በእሑድና ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ግን ስግደት የለም፤ ዕረፍትም የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነውና።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ። ቦታው ያን ጊዜ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብሱ ጋራ ተያይዟል። በዚያም ትምህርት ቤት አቋቁመው፣ መጻሕፍት አሰባስበው፣ 45 ዓመት ያህል በአንድ ቦታ ጸንተው አስተማሩ። ደቀ መዛሙርታቸው 800 እንደ ነበሩ ይተረካል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእግራቸው ሥር ብዙ ዓመት ተቀምጠው ተምረው፣ በኋላ በሸዋ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ኂሩተ አምላክም በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም አቀኑ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳማቸው የሰጡት የአራቱ ወንጌላት ብራና እስከ ዘመናችን ደርሷል።

በ1270 የነገሡት ዐፄ ይኵኖ አምላክ ገዳሙን እንዳከበሩ ይነገራል። የሐይቅ አበ ምኔቶችም ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ነበራቸው፤ ትርጓሜውም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጊዜን የሚጠብቅ የሚሮጥ ሰው ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ሰዓት ለተገባው ሥራ የሚሰጥ ሰው ነው።

በህንድ አገርም ዮጋ የሚባል የቈየ ሥልጠና አለ፤ እምነቱ ከኛ የተለየ ቢሆንም፣ ሰውነትን በዝግታ እያንቀሳቀሱ ትንፋሽን መምራት በዚያም ዋና ነገር ነው። እስላም ጓደኞቼም በሶላት ጊዜ ጐንበስ ሲሉና ሲሰግዱ መቸኰል እንደማይገባ ተምረዋል። ሐኪሞችም በዝግታ መተንፈስ የልብን አመታት እንደሚያረጋጋ ይናገራሉ።

ይህ ለኛ ለተማሪዎች ትንሽ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ወላጆቻቸው እህል ሸጠው የሚያስተምሯቸው ናቸው። በፈተና መውደቅ የአንድ ሰው ሐዘን ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡም ጭምር ነው። ስለዚህ በፈተና ዋዜማ ልባችን ይመታል፤ ያጠናነውም ይጠፋብናል። እኔም በእንዲህ ያለ ቀን ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ትከሻዬን አላልቼ፣ 10 ጊዜ ቀስ ብዬ ስተነፍስ፣ የጠፋው ትምህርት ቀስ በቀስ ሲመለስልኝ አይቻለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ግን ዝግታ የስንፍና ሌላ ስሙ ነው ይሉኛል። እውነት ነው፤ እርጋታ ጥናትን አይተካም፤ ያልዘራም አያጭድም። ነገር ግን ሰነፍ 45 ዓመት ሙሉ ሲያስተምር አይኖርም። የአምባሰልን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከታች ሲሮጥ የተነሣው ከመንገድ ይቀራል፤ ትንፋሹን መጥኖ የወጣው ግን ከአምባው ይደርሳል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1293 ገደማ ዐረፉ፤ መታሰቢያቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሁላችን መነኵሴ እንሁን አልልም። ነገር ግን በቀን ጥቂት ደቂቃ ሰውነታችንን በእርጋታ ብናሠራ፣ ትንፋሻችንን ብንመጥን፣ መጽሐፋችንንም በተሰበሰበ አሳብ ብንከፍት፣ እኒህ አባት በዚህች አገር የተዉልን ትምህርት ከንቱ አይሆንም።