የጡንቻን ጉልበት የለካው የሒሳብ መምህር

እኛ ተማሪዎች ሕክምናን ከኢንጂነሪንግ፥ ሁለቱንም ከአርት ፋኩልቲ በአጥር ለይተን ማየት ለምደናል። ባዮኢንጂነሪንግ የሚባለው ትምህርት ግን ይህን አጥር የተሻገረ ነው። መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱ ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ነው።

ቦሬሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1608 ዓ.ም. በኔፕልስ ተወለደ። በመሲና፥ ኋላም በፒዛ ሒሳብ አስተማረ። በፒዛ ከሐኪሙ ከማልፒጊ ጋር ተወዳጅቶ አንዱ ከሌላው ተማሩ።

በዚያ ዘመን ጡንቻ በትንሽ ጉልበት ትልቅ ሸክም ያነሣል ተብሎ ይታመን ነበር። ቦሬሊ ግን አጥንትን እንደ ድንጋይ መፈንቀያ እንጨት ቈጥሮ መረመረው። ጡንቻው የሚስበው ከመገጣጠሚያው አጠገብ ነው፤ በእጅ የተያዘው ሸክም ግን ከመገጣጠሚያው የራቀ ነው። ስለዚህ ጡንቻው ከሸክሙ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት እንደሚያወጣ በሒሳብ አስረዳ። ሰው ክንፍ ቢያበጅም በደረቱ ጡንቻ ብቻ መብረር እንደማይችል ያሳየውም በዚሁ ስሌት ነው።

በ1674 በመሲና በስፔን አገዛዝ ላይ አሢሯል ተብሎ ስለ ተጠረጠረ ወደ ሮም ተሰደደ። ንብረቱን አጥቶ፥ በመነኮሳት ቤት ተጠግቶ ሒሳብ እያስተማረ፥ በ1679 መጨረሻ ሞተ። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ መታተም የጀመረው በ1680 ስለ ነበር፥ ታትሞ አላየውም።

ዛሬ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚያበጁ መሐንዲሶች ይህንኑ ዐይነት ስሌት ይሠሩበታል። እኛም የጎረቤታችንን ፋኩልቲ በር ለማንኳኳት አንፈር።