የእቴጌ ጣይቱ ጓዳና የእኛ ጋን



ይህ የኢዮቤልዩ በዓል ሲታሰብ የዝግጅት ኮሚቴያችን አብዝቶ የተከራከረው በአዳራሽ ኪራይ ወይም በጥሪ ካርድ አልነበረም፤ በጠላ ነበር። የማን ጠላ ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻም ከአራት ቤት አራት ጆግ ጠላ አስመጥተን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ናይሮቢ ጠረጴዛ ከበን እየቀመስን ለማወዳደር ተስማማን።

አንደኛው የጎንደር ጠላ ነበር። እንኩሮው ጠቆር እስኪል ስለታመሰ መልኩ ወደ ቡና ያደላል፤ ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጢስም ከተዋጠ በኋላ አፍ ላይ ይቆያል። ሁለተኛው የጎጃም የዳጉሳ ጠላ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ እንደ ምግብ የሚያጠግብ። ሦስተኛው የሸዋ የገብስ ጠላ፣ ነጣ ብሎ ጌሾው የጠነከረ። አራተኛው ፊልተር ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ሲጠጡት የሚለሰልስ፣ ሊነሡ ሲሉ ግን ጉልበት የሚይዝ።

ከመካከላችን በዚህ ከተማ በቅርብ ዓመታት የተከፈቱትን አነስተኛ የቢራ ጠማቂዎች አጥርተው የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። የትኛው ቢራ እንደሚመር፣ የትኛው የፍራፍሬ ሽታ እንዳለው፣ የትኛው ከተቆላ ብቅል እንደተጠመቀ ይለያሉ። የእናቶቻቸውን ጠላ ግን ጠላ ከማለት በቀር የሚለዩበት ቃል አልነበራቸውም። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ያልነገርናቸው እኛ ነን።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ጠረጴዛ ነው። መጠጥን የመቅመስና የመለየት ዕውቀት በአገራችን የመንግሥት ሥራ የነበረበት ዘመን አለ። የዚያ ጓዳ እመቤት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። ሁላችንም በዓድዋ እናውቃቸዋለን። በዚህ በዓል ደግሞ ሕይወታቸውን በጓዳቸው በር ገብተን እንየው። ዘመኑን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን በፈረንጆች የጻፍነውን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተነዋል።

ከሰሜን እስከ አንኮበር

እቴጌ ጣይቱ በ1843 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን ገዥዎች ወገን ሲሆኑ፣ ስመ ጥሩው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሲሆኑ የቤተሰቡ ሥልጣን ወደቀ። ስለዚህ ጣይቱ ያደጉት የትልቅ ቤት ወግና የወደቀ ቤት ትዝታ አብረው በሚኖሩበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደውን ትምህርት አገኙ፤ አማርኛና ግእዝ ያነባሉ፣ በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ።

ከዐፄ ምኒልክ በፊት ያልጸና ትዳር አሳልፈዋል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከያኔው የሸዋ ንጉሥ ጋር በቁርባን ሲጋቡ ዕድሜያቸው ሠላሳን አልፎ ነበር። ወደ ሸዋ ሲመጡ የሰሜኑን የቤት አያያዝ፣ የወጡንና የመጠጡን ሙያ ይዘው እንደመጡ ይነገርላቸዋል።

ጓዳውና ግብሩ

በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ የሰነበቱት እቴጌ፣ ሜዳውን ወደዱትና ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ሲከበር የተደረገው ግብር ለብዙ ቀናት የቆየና ለብዙ ዘመን የተወራለት ነበር። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱም በቀናት ልዩነት የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ።

ለልጆቻችን ግብር ማለት ምን እንደነበር መንገር ያስፈልጋል። ግብር ድግስ ብቻ አይደለም። መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ወታደሩ፣ ከሩቅ አገር የመጣው ባለጉዳይ በአንድ አዳራሽ በየተራው ይበላል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን በምን ዕቃ ምን እንደሚጠጣ ሁሉ ትርጉም አለው። ለትልልቆቹ የጠራና የበሰለ ጠጅ ይቀዳል፤ ተራው ወደ ታች ሲወርድ ቀለል ያለው ጠጅ፣ ከዚያም ጠላ በዋንጫ ይቀርባል። ከሚገባው ዝቅ ያለ መጠጥ የቀረበለት መኰንን ነገሩን እንደ መልእክት ይቆጥረው ነበር።

መቅመስም የታወቀ ሥርዓት ነበረው። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምሳል፤ ይህም መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሌላ ቅምሻ አለ፤ የጠጅ ጣይዋና የጠላ ጠማቂዋ ቅምሻ። ማሩ ከየአገሩ በግብርነት ይመጣል፤ የአበባው ዓይነት ሲለያይ ጣዕሙም ይለያያል። ከአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ የጌሾ እንጨት ይገባበታል፣ ሳምንታት ይቆያል። መቼ እንደደረሰ የሚነግረው የሴትዮዋ ምላስ ነው።

ጠላም እንደዚሁ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይጨመራል፣ እንኩሮው ይገባና ድፍድፉ ይቀመጣል፤ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይታሸጋል። እርሾ ከውጭ አይገባበትም። ጠላውን የሚያፈላው በጌሾው፣ በብቅሉና በጋኑ ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ነው። በመንደሩ ውስጥ የሁለት ቤት ጠላ አንድ ዓይነት የማይሆነውም ስለዚህ ነው። ጌሾ ለጠላ፣ ሆፕ የሚባለው ተክል ለቢራ የሚሰጠውን ምሬት ይሰጣል።

ይህን ሁሉ እቴጌ በእጃቸው አልሠሩትም። የእርሳቸው ሥራ መለየት፣ ማዘዝና መቆጣጠር ነበር። እህል የሚፈጩት፣ እንጨት የሚሸከሙት፣ ጢስ የሚጠጡት በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያ ዘመን ገና ባልቀረው ባርነት ሥር የሚኖሩ ናቸው። ታሪክ ግብሩን ሲያነሣ የእነዚህን ሴቶች ስም አያነሣም። የጓዳውን ክብር ስናወራ ይህንንም አብረን ብናስታውስ ተገቢ ነው እንላለን።

ክፉ ቀንና ዓድዋ

የዘውዱ ደስታ የመጣው በመከራ መካከል ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ አገሩን አራቆተው፣ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ወረደ። ጠላ የሚጠመቀው ከእህል ነውና የጋን ዝምታ የረሀብ የመጀመሪያ ምልክት ነው። በዚያ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ጎተራውን ለተራበው ከፈተ፤ ዐፄ ምኒልክም ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ።

በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ሆኖ ሲገኝ፣ ጣይቱ ነገሩን አንቀበልም ካሉት ግንባር ቀደም ነበሩ። ጦርነቱም ሲመጣ የራሳቸውን ሠራዊት አሰልፈው ዘመቱ። ጓዳውም አብሮ ዘመተ፤ ያን የሚያህል ሠራዊት ከሸዋ እስከ ትግራይ ሲጓዝ እንጀራውን የሚጋግሩት፣ ውሃውን የሚቀዱት፣ ስንቁን የሚሸከሙት ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በጠጃቸው የሚታወቁት እቴጌ መቀሌ ላይ ያሸነፉት በውሃ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ምሽግ በተከበበ ጊዜ፣ የጠላት ጦር የሚጠጣበትን ምንጭ የመያዙ ሐሳብ የእቴጌ እንደነበረ ይነገራል። ሰው ያለ መጠጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከጓዳ እመቤት የበለጠ ማን ያውቃል? ምሽጉም ውሃ አጥቶ ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ደግሞ እቴጌና አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያቀርቡ ነበር።

ከግብር ወደ ሆቴል

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች የሚጎርፉባት ከተማ ሆነች። በ1900 ዓ.ም. እቴጌ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ከፈቱ። ይህ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። ምግብና መጠጥ በነጻ የሚቀርብ የጌታ ስጦታ ሆኖ በኖረበት አገር፣ በልቶ መክፈል የሚባል ነገር ለብዙዎች ነውር ይመስላቸው ነበር። ሕዝቡ እንዲለምደው ራሳቸው ዐፄ ምኒልክ በልተው ሂሳብ ከፍለው ወጡ ተብሎ ይተረካል። ከማኅበራችን አባላት መካከል እዚህ ናይሮቢ የምግብ ቤት ከፍታችሁ የምትተዳደሩ ሁሉ፣ ሙያችሁ በአገራችን በማን እንደተጀመረ በኩራት ልታስታውሱት ይገባል። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ቃጠሎ ደርሶበት የነበረ ቢሆንም ስሙ ከፒያሳ አልጠፋም።

ዝምታው

ዐፄ ምኒልክ በጠና ሲታመሙ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌ እጅ ወደቀ። ሹመትና ሽረቱን ወደ ዘመዶቻቸው አደሉት የሚል ቅሬታ በመኳንንቱ ዘንድ በረታ፤ ቅሬታውም ከንቱ ነበር ለማለት አንደፍርም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸውን ሲያስታምሙ ቆዩ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌ ወደ እንጦጦ ወጡ። ያ ትልቅ ግብር በተደረገበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በሺህ ያበሉና ያጠጡ ሴት በጸሎት ተወስነው ቀሪ ዘመናቸውን አሳለፉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸው በኋላ ከእንጦጦ ወርዶ በታእካ ነገሥት በዓታ ከባለቤታቸው አጠገብ አርፏል።

እቴጌ ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት እኛ በምንኖርባት ናይሮቢ የኬንያ ቢራ ፋብሪካም ሥራ ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ኸርስት በማግሥቱ ዓመት በአደን ላይ በዝሆን ተገደለ፤ በየሱቁ የምናየው ተስከር ቢራ ስሙን ያገኘው ከዚያ ዝሆን ነው። የእርሱ ስም በታሪክ ቀርቷል። በዚያው ዘመን በደጋው ሙራቲና የተባለውን የማር መጠጥ የሚጥሉትን የኪኩዩ ሰዎች፣ ወይም በአገራችን ጋን የሚያጥኑትን ሴቶች ስም ግን የመዘገበ የለም።

ወደ ጠረጴዛችን ስንመለስ

የማኅበራችን የመጀመሪያ በዓላት ላይ ጠላ ይጠምቁ ከነበሩት እናቶች ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ከመካከላቸው የአንዷን ጠላ በዕድሜ የገፋን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ስንት ጌሾ ለስንት ብቅል እንደሚያደርጉ ግን ማናችንም አልጻፍነውም፤ ልጆቻቸውም አያውቁትም። መለኪያው በመዳፋቸው ነበርና ከመዳፋቸው ጋር ሄደ። ምክንያት አልነበረንም፤ ጌሾው ራሱ ከኢትዮጵያ ደጋ አንሥቶ በኬንያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚበቅል ተክል ነው። የጎደለው መጠየቅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው የአራቱን ጠላ ውድድር ያለ አሸናፊ ዘግቶታል። አራቱም ይቀርባሉ። ለልጆች፣ ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እንዲሁም መጠጥ ለማይቀምሱ ሁሉ ብርዝ ተዘጋጅቷል። በእያንዳንዱ እንስራ ላይ የአገሩ ስም ብቻ ሳይሆን የጠማቂዋ ስም ይለጠፋል። ከእንስራዎቹም አጠገብ ባዶ ደብተር ይቀመጣል፤ ወጣቶቻችን ከቀመሱ በኋላ ጠማቂዋን ፈልገው እህሉን፣ ቀኑንና መለኪያውን ጠይቀው እንዲጽፉበት አደራ እንላለን። በናይሮቢ ቢራ የሠለጠነው ምላሳቸው ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው።

የእቴጌ ጣይቱን ስም ለማስታወስ ሐውልትና ሆቴል አለ። የእናቶቻችንን ለማስታወስ ግን ይህ ደብተር ይበቃል፤ ከተጻፈበት።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።