የበላይ ዘለቀ እድሜ ልክ
በላይ ዘለቀን ሁላችንም በጀግንነቱ ነው የምናውቀው። አባ ኮስትር፣ የአባይ በረሃው አርበኛ፣ ጣሊያንን ጎጃም ላይ አምስት ዓመት እንቅልፍ የነሳው። እሱን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እኔን የሚከነክነኝ የፍርዱ ነገር ነው።

በ1933 ዓ.ም ጣሊያን ሲወጣ ንጉሡ ደጃዝማችነት ሰጥተው ቢቸና ላይ ሾሙት። ለጣሊያን ያደሩት ሳይቀሩ ከሱ በልጠው ሲሾሙ ቅር አለው ይባላል። ከመንግሥት ጋር ተጣላ፣ ጦር ተላከበት፣ ተይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሞት ተፈረደበት። ከዚያ ንጉሡ ሞቱን ወደ እድሜ ልክ እስራት ቀየሩለት።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት ያለ የእድሜ ልክ ፍርደኛ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 20 ዓመት ከታሰረና ጸባዩ ከተመሰከረለት በአመክሮ ልፈታ ብሎ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ዓመት የተቆጠረበት ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ። ቢያንስ የሚቆጥረው ቀን አለው። የበላይ ተስፋ ግን የንጉሡ ፊት መፍታት ብቻ ነበር።

የንጉሡ ፊት ደግሞ ለሁሉም እኩል አልነበረም። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ በ1924 ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ እድሜ ልክ ተቀየረላቸው። ኋላ ለጣሊያን አደሩ። ያም ሆኖ አልተሰቀሉም፤ በቁም እስር ኖረው በእድሜያቸው ነው የሞቱት።

በላይ መጠበቁን አልቻለበትም። ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር አመለጠ፣ ተያዘ፣ ምሕረቱም እዚያው አበቃ። ጥር 1937 ዓ.ም ከማሞና ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።